መልስ፦ በልኩ የሚጠጣው ከብዙ ጠጪው ጋር ምን ያገናኘዋል?

ወንድሜ፣ «ችግሩ ያለው ጥቂት ጠጪዎች ጋ ነው፤ በልኩ የሚጠጣውን በዋጋና በሰዓት ገደብ ማስጨነቅ ለምን አስፈለገ?» ብለህ ጠይቀሃል። ብዙ ሰው እንዳንተ ነው የሚያስበው። መረጃው ግን ሌላ ነው የሚለው።

ፈረንሳዊው የሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ሱሊ ለደርማን በ1956 እ.ኤ.አ. የሕዝቡ አማካይ ፍጆታ ሲጨምር ከመጠን በላይ የሚጠጡትም ይበዛሉ አለ። ይህን ያሰላበት የሒሳብ ቀመር ብዙ ተተችቷል። ዋናው ሐሳብ ግን አልወደቀም።

ፊንላንድን ተመልከት። ከ1969 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የአልኮል መጠኑ መካከለኛ የሆነ ቢራ በየምግብ ሱቁ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ሰው ከጠንካራ መጠጥ ወደ ቢራ ይዞራል ተብሎ ነበር። አልዞረም። ቢራው በአረቄው ላይ ተደረበ፤ ጠቅላላ ፍጆታው በአንድ ዓመት ብቻ 46 በመቶ ገደማ ጨመረ። ድሮም አብዝተው የሚጠጡት የባሰውን ጠጡ።

ለምን? ኖርዌያዊው የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ ኦሌ ዮርገን ስኮግ እንዳስረዳው መጠጥ የጋራ ልማድ ነው። ጓደኞችህ ሁለት ቢራ ጠጥተው የሚነሱ ከሆነ አምስተኛውን ስታዝ ያስተውሉሃል። ሁሉም አራት ከጠጣ ግን አምስተኛው ምንም አይመስልም። «ድገም እንጂ!» የሚለው ግብዣም አለ፤ እምቢ ለማለት አቅም ያነሰውን ሰው ነው ቀድሞ የሚጥለው።

ይህ ማለት አንተ ጥፋተኛ ነህ ማለት አይደለም። በሱስ የተያዘ ሰው ሕክምና ያስፈልገዋል፤ የዋጋ ጭማሪ ብቻውን አያድነውም። ግን በ2011 ዓ.ም. በእኛ አገር የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲወጣ፣ የመግዣ ዕድሜም 21 ሲሆን፣ የታሰበው ለሁላችንም ነበር። እኔ በበኩሌ ትክክል ነው እላለሁ።