ማሲንቆ ጆሮ ይጎዳል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አዝማሪ ቤት ማሲንቆ እጫወታለሁ፣ አጠገቤ ከበሮ የሚመታ ልጅ አለ ከኋላዬ ደግሞ ስፒከር። ማታ ቤት ስገባ ጆሮዬ ጭው ይላል። ጥፋቱ የማነው?

መልስ፦ ወንድሜ ማሲንቆህን ተዋት፣ እሷ ንፁህ ናት። አንድ የፈረስ ጭራ ክር ያለ ማይክ ምን ያህል ትጮሃለች ብለህ ነው፣ ክራርና በገናም ያው ናቸው። ከበሮው ግን ቆዳው ሰፊ ነው ምቱም ድንገት ነው የሚመጣው። ከፈረንጁ መሣሪያ ትራምፔትና ድራም ቅርብ ከሆንክ ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያልፋሉ፣ ቫዮሊን እንኳን ያቺ ትንሿ ከተጫዋቹ ግራ ጆሮ ስር ስለሆነች 90 አካባቢ ትገባለች።

ዴሲቤል ደግሞ እንደ ኪሎ አይደለም፣ 10 ሲጨምር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል፣ ለጆሮ ግን እጥፍ ገደማ ነው የሚመስለው፣ ለዛ ነው የምንሸወደው። ብዙዎች ለጆሮ ጤና የሚከተሉት ገደብ 85 ላይ በቀን 8 ሰዓት ነው፣ ከዛ 3 በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ እና 100 ላይ ስትደርስ የቀረህ 15 ደቂቃ ነው!

ስለዚህ ከበሮውም አለበት፣ እኔ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው ስፒከሩን ነው። ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ጋ ያ ሁሉ ከበሮ ሲመታ ሜዳ ስለሆነ ድምፁ ይበተናል፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ግን ግድግዳው መልሶ ላንተው ነው የሚሰጥህ። ስፒከሩን ከጀርባህ አንስተው ወደ ፊት አርቁት፣ የጆሮ መድፈኛም ግዛ፣ ጥጥ ብዙም አያድንም። ጭውታው በማግስቱም ካልለቀቀህ የጆሮ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ነገ ዛሬ አትበል።