መልስ፦ በዊንዶውስና በሊኑክስ መካከል የስትሪንግ ዓይነት ስለ መቀያየር

ወንድሜ፣ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድህ ዊንዶውስ ላይ ዋይድ ስትሪንግ (ከአንድ ባይት በሰፉ ካራክተሮች ጽሑፍ የሚይዝ ዓይነት)፣ ሊኑክስ ላይ ተራውን ስትሪንግ እንዲጠቀም በማክሮ (ኮዱ ኮምፓይል ከመደረጉ በፊት አንዱን ስም በሌላ በሚተካ ትእዛዝ) ላቀያይረው ወይ ብለሃል። እኔ አልመክርህም። ማክሮው ስሙን ነው እንጂ ልዩነቱን አይሸፍንልህም። አንዱ ጋ በደንብ የሠራ ኮድ ሌላው ጋ ኮምፓይል እንኳ ላያደርግ ይችላል። ዋይድ ካራክተሩ ራሱ ዊንዶውስ ላይ 2 ባይት፣ ሊኑክስ ላይ 4 ባይት ነው።

በፕሮግራምህ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ከ1 እስከ 4 ባይት አድርጎ በሚያስቀምጥ አሠራር) ያዘው። ወደ ዩቲኤፍ-16 (የዊንዶውስ ዋይድ ስትሪንግ ወደሚጠቀምበት አሠራር) የምትቀይረው የዊንዶውስን ፈንክሽን ልትጠራ ስትል ብቻ ይሁን፤ ለምሳሌ ፋይል ስትከፍት። ሁለት አጫጭር መቀየሪያ ፈንክሽኖች ይበቁሃል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ የስትሪንጉ ርዝመት የፊደል ብዛት አይደለም። «ሰላም» 3 ፊደል ነው፣ በዩቲኤፍ-8 ግን 9 ባይት ይወስዳል። ባይት ቆጥረህ ከቆረጥከው ፊደሉ መሃል ላይ ሊሰበር ይችላል።