ግራ እጃችሁን አስተምሩት

ልጆቼ፣ የሜዳ ሆኪን መጀመሪያ ያየ ሀበሻ ሁሉ «ይቺማ ገና ናት!» ይላል። ዱላው ጫፉ ላይ ቆልመም ያለ ነው፤ ተጫዋቿም ጎንበስ ብላ ትሮጣለች። ሆላንድም ሆነ አውስትራሊያ እያደጋችሁ ይህን ጨዋታ ሥራዬ ብላችሁ ለመያዝ ካሰባችሁ ግን ልዩነቱን ቶሎ እወቁት። በሆኪ ኳስን በዱላው ክብ ጀርባ መንካት ጥፋት ነው። ጠፍጣፋው ወገን በግራ በኩል ነው፤ ለግራኝ የሚሠራ ዱላ በሕጉ የለም።

ስለዚህ ዱላውን የሚያገላብጠው ግራ እጅ ነው። ግራው ከላይ ጫፉን ይጨብጣል፤ ቀኙ ዝቅ ብሎ እንደ ቀለበት ላላ ይልና ዱላው በውስጡ ይሽከረከራል። ጀማሪ ቀኟን አጥብቃ ስለምትይዝ የእጇ አንጓ ይቆለፋል፤ ኳስ በግራዋ በኩል ሲመጣ ዱላው አልገለበጥም ይላታል። በየቀኑ 10 ደቂቃ በግራ እጅ ብቻ ኳስ ግራና ቀኝ አመላልሱ።

ዱላ ስትገዙ ዳሌያችሁ አጥንት አካባቢ የሚደርስ ይሁን። የረዘመው ቀጥ አድርጎ ያቆማችኋል፣ ያጠረው ወገብ ይጎዳል። ሕጉ እስከ 25 ሚሊሜትር ጉብጠት ይፈቅዳል፤ ብዙ የጎበጠው ግን በጀማሪ እጅ ኳሱን ሳይታሰብ ያነሳዋል። ከ156 እስከ 163 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ኳስ ፊት ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቡትና የጥርስ መከላከያ ሳታደርጉ ሜዳ አትግቡ።

አሁን ወደ ፔናሊቲ ኮርነር፣ ማለትም ተከላካዮች ሲያጠፉ ለአጥቂዎች ወደሚሰጠውና ከጎል ጎን ካለው መጨረሻ መስመር ኳስ በመግፋት ወደሚጀመረው ዕድል፤ ትልልቅ ጨዋታዎች የሚወሰኑት እዚህ ነው። ነሐሴ 2 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች ሩብ ፍጻሜ ሕንድ አውስትራሊያን 1 ለ 0 ያሸነፈችው በዚሁ ነው፤ ጎሏን ጉርጂት ካውር አስቆጠረች። ግብ ጠባቂዋን ጨምሮ አምስት ተከላካዮች ከጎል መስመር ጀርባ ይቆማሉ፤ ኳሱ ከጎሉ ፊት ከተሰመረው ክበብ ሳይወጣ ወደ ጎል መምታት አይቻልም። የመጀመሪያው ምት ዱላን አወናጭፎ ኳሱን በመምታት ከሆነ ከ46 ሴንቲሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጎል መስመሩን ማለፍ የለበትም። ድራግ ፍሊክ፣ ማለትም ኳሱን በዱላ ጎትቶ መወርወር፣ ግን ይህ ገደብ የለበትም፤ ተፈላጊነቱም ከዚህ ይመጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀኝ እግር ከግራው ጀርባ ተሻግሮ ያርፋል፤ ዱላው ኳሱን ከቀኝ እግር አጠገብ ያነሳል፤ ግራ እግር ረጅም እርምጃ ይዘረጋል፤ ኳሱ እየተጎተተ ዳሌ ይዞራል፤ አንጓ መጨረሻ ላይ ይለቃል። ጉልበታቸውን ሳያጥፉ ወገባቸውን የሚያጎብጡ ልጆች የታችኛው ጀርባቸው ይታመማል። በአንድ ልምምድ 30 ምት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ድካም ስህተት ያስተምራል።

የሕንዷ ራኒ ራምፓል በ15 ዓመቷ የ2010ን የዓለም ዋንጫ ተጫውታለች፤ በቶኪዮ ቡድኑን በአምበልነት መርታ አራተኛ ወጣች፤ በ2024 ጫማዋን ሰቀለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ከጨዋታው ገቢ ብቻ መኖር የሚችሉ ሴቶች ጥቂት ናቸው። በሕንድ ብዙዎቹ የምድር ባቡር ድርጅት ተቀጣሪዎች ናቸው። ትምህርታችሁን አትጣሉ፤ ጉልበትና የጭን ጡንቻ ቀጠሮ አይሰጡም።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ በሆኪ ግን ዳኛ ይቆጣል። አረንጓዴ ካርድ 2 ደቂቃ፣ ቢጫ ቢያንስ 5 ደቂቃ ያስወጣል። በ60 ደቂቃ ጨዋታ ለአንድ ጭቅጭቅ ይህን መክፈል ቡድንን መበደል ነው።

ለኦሊምፒክ የሚመረጡት 16 ብቻ ስለሆኑ ማንም የማይሻማበትን ሥራ ያዙ፦ ኮርነር መግፋት። ኳሱ ከጎሉ ቋሚ 10 ሜትር ርቆ በመጨረሻው መስመር ላይ ይቀመጣል፤ ቢያንስ አንድ እግራችሁ ከሜዳው ውጭ ይሁን፤ ዝቅ በሉና ሳታነጥሩ ለጥ አድርጋችሁ ግፉት። ክበቡ አናት ላይ የአንድ ዱላ ስፋት ምልክት አድርጉና ከ50 ግፊት ስንቱ እንደሚገባ በየሳምንቱ ጻፉ።