ለፖሊስነት ያስገባኸው ማመልከቻ ለምን ውድቅ ሆነ?

ወንድሜ፣ ፋይቭኤም ላይ (ጂቲኤ 5 የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወትበት ፕሮግራም ነው) ባለ አንድ የአሜሪካ የሮልፕሌይ ሰርቨር፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በሚኖርበት የጨዋታ ዓለም፣ ለፖሊስነት አመልክተህ ያለ ምንም ማብራሪያ ውድቅ እንደተደረገብህ ጽፈሃል። «እንግሊዝኛዬ ይሆን? ወይስ ከአዲስ አበባ መሆኔ?» ብለህም ጠይቀሃል። ሁለቱም አይመስሉኝም። በእንዲህ ያሉ ሰርቨሮች ፖሊስ ሆኜ ለረጅም ጊዜ ተጫውቻለሁ፤ ማመልከቻ ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ ሆኜም ሠርቻለሁ። ያያዝከውን ጽሑፍ ሳነብ የጣለህ ዓረፍተ ነገር ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ታየኝ፦ «ወንጀለኞችን አሳድጄ መያዝ እወዳለሁ፤ ከእጄ የሚያመልጥ የለም።»

ይህን ያነበበ ሁሉ ለማሸነፍ የመጣ ሰው ነው ብሎ ያልፍሃል። ባንክ ከሚዘርፈው ገጸ ባሕርይ ጀርባ እንዳንተው ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት ተመልሶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲያቅድ ያመሸ ሰው አለ። ፖሊሱ ደርሶ ወዲያው ተኩሶ ከጣለው የሁሉንም ልፋት ውኃ በላው። ድርድር የሚከፍት፣ ስለ ታጋቾቹ ደኅንነት የሚጠይቅ፣ ዘራፊው ሲያመልጥም ሳይቆጣ የሚቀበል ፖሊስ ግን ለሁሉም የሚያወሩት ታሪክ ይተውላቸዋል። ማመልከቻ አንባቢዎቹ የሚፈልጉት ይህን ሰው ነው፤ ጥያቄዎቹም የሚወጡት እርሱን ለመለየት ነው።

«ሌሊት የኋላ መብራቱ የተሰበረ መኪና አስቆምክ፤ የሹፌሩ እጅ ይንቀጠቀጣል። ምን ታደርጋለህ?» ለሚለው የሰጠኸውን መልስ እንየው። «አስወርደዋለሁ፣ እፈትሸዋለሁ፣ የያዘውን አደንዛዥ ዕፅ አግኝቼ አስረዋለሁ» ብለሃል። ዕፅ መያዙን ማን ነገረህ? በሌላው ሰው ታሪክ ላይ አንተ ወሰንክበት፤ ፓወርጌሚንግ የሚሉት ጥፋት ይኸው ነው፣ የትም ሰርቨር ይቅር አይሉትም። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦ መኪናዬን ከኋላው ትንሽ ወደ ግራ አውጥቼ አቆማለሁ፤ ከመውረዴ በፊት ያለሁበትን ቦታና የመኪናውን ታርጋ በሬዲዮ አሳውቃለሁ፤ እጆቹን እያየሁ ቀርቤ ስሜንና ያስቆምኩበትን ምክንያት እነግረዋለሁ፤ መንጃ ፈቃዱን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ የማደርገውን የሚወስነው እርሱ የሚሰጠኝ መልስ ነው። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ በማመልከቻ ላይ ሳገኝ ሁልጊዜ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰርቨሩ የአሜሪካን ሕግ የሚከተል ከሆነ ጥቂት ሕግ ማወቅህም ይጠቅምሃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1977 በሚምስ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት በሕግ አግባብ ያስቆምከውን ሹፌር ከመኪናው እንዲወርድ ማዘዝ ትችላለህ። በ1968ቱ የቴሪ ውሳኔ ደግሞ ታጥቋል፣ አደገኛም ነው የሚያሰኝ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ካለህ ልብሱን ከላይ ዳብሰህ መሣሪያ መፈለግ ይፈቀድልሃል። የእጅ መንቀጥቀጥ ብቻውን ግን መኪናውን ለመበርበር አይበቃም። የ1966ቱ የሚራንዳ ማስጠንቀቂያም ፊልም ላይ እንደሚታየው ካቴና ሲገባ ወዲያው መነበብ ግዴታው አይደለም፤ የሚያስፈልገው በቁጥጥር ሥር ያለን ሰው ጥያቄ ከመጠየቅህ በፊት ነው። ሰርቨሩ የራሱ የወንጀል ደንብ ካለው ግን ቅድሚያ ለእርሱ ስጥ።

ቃለ መጠይቁ ብዙውን ጊዜ ተጫዋቾች በሚነጋገሩበት ዲስኮርድ በተባለ መተግበሪያ በድምፅ ነው የሚካሄደው። «ጓደኛህ በግል መልእክት ባንክ ሊዘረፍ ነው ቢልህስ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ገጸ ባሕርይህ ያልሰማውን ነገር አንተ ስለሰማህ ወደ ባንኩ አትሄድም፤ ሜታጌሚንግ የሚባለው ይህ ነው። የሬዲዮ ኮዶችንም በቃልህ ያዝ፦ 10-4 ተቀብያለሁ፣ 10-20 ያለሁበት ቦታ፣ ኮድ 3 በመብራትና በሳይረን መሄድ፣ ኮድ 4 ተጨማሪ እርዳታ አያስፈልግም። ከሰርቨር ሰርቨር ስለሚለያዩ የእነርሱን ዝርዝር ተመልከት። የጨዋታው ከተማ ሎስ ሳንቶስ በሎስ አንጀለስ አምሳል የተሠራች በመሆኗ የታርጋ ፊደላትን (A፣ B፣ C) ሲያነቡ «አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ» ከማለት ይልቅ የዚያን ከተማ ፖሊስ «አዳም፣ ቦይ፣ ቻርልስ» የሚጠቀሙ አሉ። ታክሲ ስትጠብቅ የሚያልፉትን መኪኖች ታርጋ በዚህ ፊደል እያነበብክ ተለማመድ፤ በአጭር ጊዜ አፍህ ላይ ይገባል።

እንግሊዝኛህ በቂ ነው። የአነጋገር ቅላጼህን ለመደበቅ አትድከም፤ ለገጸ ባሕርይህ ታሪክ አድርገው። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ የተሰየመ ሰፈር አለ። እናቱ እዚያ ምግብ ቤት የምትሠራ፣ በልጅነቱ ከአገር የወጣ ወጣት ብለህ ብትጽፍ፣ ቤተሰቡ ተገድሎበት ሊበቀል ፖሊስ ከሆነው ጀግና እጅግ ይሻላል። የኋለኛውን ሰልችተውታል።

የሰዓቱን ነገር ግን በግልጽ ጻፍላቸው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ በበጋቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ በየቀኑ እገኛለሁ ብትል አያምኑህም። በእንግሊዝኛ የሚጫወቱ የአውሮፓ ሰርቨሮችን ብትሞክር እመርጣለሁ፤ የእነርሱ ምሽት ከእኛ ምሽት ጋር ይገጥማል፣ የኢንተርኔቱ መዘግየትም ባብዛኛው ይቀንሳል። መብራት ሊጠፋብህ እንደሚችልም አስቀድመህ ንገራቸው፤ ማሳደድ መሐል ድንገት ስትሰወር ሆን ብለህ የሸሸህ ይመስላልና።

እንደገና ከማመልከትህ በፊት በዚያው ሰርቨር ለጥቂት ሳምንታት ተራ ዜጋ ሆነህ ተጫወት። የከባድ መኪና ሹፌር ሁን፤ ፖሊስ ያስቁምህ፣ ይቅጣህ፣ ፍርድ ቤት ካለ ተከራከር። የትኛው ፖሊስ ጨዋታውን እንዳጣፈጠልህ፣ የትኛው እንዳበላሸብህ ልብ በልና በአዲሱ ማመልከቻህ ላይ ያንን ጻፍ። ረቂቁን ስትጨርስ ላክልኝ፤ በተለይ መኪና የማስቆሙን መልስ አብረን እናየዋለን።