ያልተከፈላችሁን ብር ስለመጠየቅ

በቀደም አንዲት ወጣት የግራፊክስ ዲዛይነር ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ሥራውን ካስረከብኩ አራት ወር ሆነኝ። ብሬን ግን እስካሁን አልሰጡኝም። ደጋግሜ ብደውል ነዝናዛ እባላለሁ፣ ሌላ ሥራም አይሰጡኝም ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?» አለችኝ። በስልክ የመለስኩላት አጭር ነበር። ጥያቄዋ ግን ከዘጋሁት በኋላም ሲከነክነኝ ዋለ። ለእሷም፣ እንደሷ በግላቸው ለሚሠሩ ልጆችም ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው።

የ1999ን ክረምት የምታስታውሱት ብዙ አይደላችሁም። መስከረም 1 ቀን 2000 አዲሱ ሚሊኒየም ሊገባ ነው። ከተማው ሁሉ ባነር፣ ቲሸርት፣ ካላንደር፣ መጽሔት ሆኗል። ማተሚያ ቤት ወረፋ አይገኝም። እኔ ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ በግሌ መሥራት ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። አንድ ዝግጅት አዘጋጅ ድርጅት ለበዓሉ የሚወጣ ወፍራም መጽሔት ሰጠኝ። ያገናኘን ዘመዴ ነው። በዋጋው በቃል ተስማማን፣ ቡና ጠጣን፣ ሥራ ጀመርን።

አብዛኛው ጽሑፍ በእጅ የተጻፈ ነበር። እንድትተይብልኝ አንዲት ጎረቤቴን ያዝኩ። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ሒሳቧ በገጽ ነው። ቀን ቀን መብራት ስለሚጠፋ ሌሊት ትሠራለች። ጠዋት ፍላሿን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሬን ታንኳኳለች። የእጅ ጽሑፉንም ይዛ ትመጣለች። ያልገባት ቦታ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። «እዚህ ጋ ጸሐፊው የዘለለው ነገር አለ፣ ጠይቅልኝ» ትለኛለች። ሁልጊዜም የዘለለው ነገር ይኖራል። ለዚህ ለብቻው የከፈላት ሰው የለም። የተነጋገርነው ለትየባው ብቻ ነበር።

ያኔ ትየባ ራሱ ፈተና ነበር። በፓወር ግዕዝ የተጻፈውን ሌላ የግዕዝ ፕሮግራም ባለው ኮምፒውተር ስትከፍቱት ገጹ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። አንድ ማታ ለኅትመት የሚሆነው የገጾቹ ፊልም ሊወጣ ሲል እንዲህ ሆነብን። እሷን ከእንቅልፏ ቀስቅሰን ሙሉ ምዕራፍ እንደገና ተየበች። ዛሬ ፊደሉን በየኮምፒውተሩ አንድ የሚያደርገው ዩኒኮድ ስላለ ይህ ጣጣ አይገባችሁም፤ እንኳንም አልገባችሁ።

መጽሔቱ በሰዓቱ ወጣ። በዓሉም አለፈ። ብሩ ግን አልመጣም። መጀመሪያ «በዓሉ ይለፍ» አሉኝ። ቀጥሎ «ስፖንሰሮቹ ይክፈሉን» ሆነ። ከዚያ ፋይናንሷ ወሊድ ወጣች። ዛሬ ነገ እያሉ አመላለሱኝ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ቼክ ጻፈልኝ። ባንክ ስሄድ ከፋይዋ ቼኩን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ ከኋላዬ የተሰለፈውን ሰው አየች። ከዚያ ጠጋ ብላ «ስንቅ የለውም» አለችኝ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ። የዚያች ልጅ ጨዋነት እስከዛሬ ይገርመኛል።

ስንቅ የሌለው፣ ማለትም ሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ የሌለበት ቼክ መስጠት ወንጀል ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ይህንኑ ነው የሚለው። ግን ዘመድ መሃል ገባ። «ሰውዬውን ልታሳስረው ነው?» ተባለ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ግማሹን እንዲከፍል፣ ግማሹን እንድምረው ተፈረደ። ማርኩት።

የሚቆጨኝ ያ የማርኩት ብር አይደለም። ያቺ ሴት በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ «የኔስ?» ብላኝ አታውቅም። ወሩ መስከረም ነው፤ ምዝገባ አለ፣ ደብተር አለ፣ ዩኒፎርም አለ። መንገድ ላይ ስታገኘኝ «እነዚያ ሰዎች ምን አሉህ?» ብቻ ትለኛለች፣ የተበደልኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ሁሉ። ከኪሴ የቻልኩትን ሰጥቻታለሁ። የሽምግልናው ብር እጄ ገብቶ ቀሪውን ይዤላት ስሄድ ግን ቤቱን ለቃለች። ልጆቿን ከነበሩበት ትምህርት ቤት ማስወጣቷን የነገረችኝ የሰፈሩ ባለሱቅ ናት። የት እንደገባች የሚያውቅ ሰው አጣሁ። ብዙ ጠይቄአለሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ ነዝናዛ እባላለሁ ብለሽ አትፍሪ። አንቺ ዘንድ የሚደርሰውን ብር ከኋላሽ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው አለ። ፎቶ ያነሳልሽ ልጅ አለ፣ ጽሑፉን ያረመልሽ አለ፣ ቤት ውስጥም አለ። ዝም ስትዪ በእነሱም ብር ነው ዝም ያልሽው። ይሉኝታ በራስ ብር ያምራል፤ በሌላ ሰው ብር ግን አያምርም።

ውል ጻፉ የሚለውን ሁሉም ስለሚነግራችሁ አልደግመውም። እኔ የምጨምረው ቅድሚያ ክፍያ ስትቀበሉ መጀመሪያ አብረዋችሁ ለሚሠሩት እንድትከፍሉ ነው። ላፕቶፕ መቀየሩ ይደርሳል። ቅድሚያ የማይሰጥ ደንበኛ ከሆነ ደግሞ ሰው አታስገቡበት፣ ብቻችሁን የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ያዙ።

ብዙ ወጣት የሚጎዳበት ሌላ ነገር አለ። ፋይናንስ ክፍል «መጀመሪያ ደረሰኝ ቁረጪልን፣ ከዚያ እንከፍላለን» ይላል። ቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁና ደረሰኙን ከቆረጣችሁ 15 በመቶውን ለዚያ ወር ታሳውቃላችሁ። ደንበኛው ሳንቲም ባይሰጣችሁም ገቢዎች የራሱን ይጠይቃል። ስለዚህ በቅድሚያ ኢንቮይስ፣ ማለትም የክፍያ መጠየቂያ ስጡ፣ ኮፒው ላይ ተቀባዩ ይፈርምበት፣ ቀንም ይጻፍበት። ደረሰኙ የሚቆረጥበትን ጊዜ ግን ሕጉ ስለሚወስነው የሒሳብ ባለሙያ ጠይቁ። ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ከክፍያችሁ ላይ ተይዞ ለገቢዎች የሚገባውን ግብር ከቀነሱባችሁም የቀነሱበትን ደረሰኝ ሳትይዙ ከቢሮው እንዳትወጡ፤ ዓመታዊ ግብራችሁ ላይ የሚታሰብላችሁ በእሱ ነው።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የምትሠሩ ደግሞ ግንቦት ላይ ንቁ። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ ከገባ «የአምና ነው» የሚባል መልስ ይጀምራል፣ ከዚያ ፋይሉን የሚፈልገውም አይገኝ።

ጊዜ ብቻውን ስንት እንደሚበላ በ2016 አይታችኋል። ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር በባንክ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ሰኔ ላይ አስረክቦ መስከረም ላይ የተከፈለው ልጅ የተቀበለው የብሩ ቁጥር ያው ነው፤ ወረቀትና ቀለም ሊገዛ ሲሄድ ግን ያው አልነበረም።

የዛሬ ልጆች በአንድ ነገር ትበልጡናላችሁ። ዋጋችሁን ሳታፍሩ ትናገራላችሁ፤ እኛ «እንደፈቀድክ» እንል ነበር። ግን ሁሉን ነገር በቴሌግራም ድምፅ ትጨርሱታላችሁ። ስንት እንደተስማማችሁ፣ ምን እንደተጨመረ፣ መቼ እንደሚከፈል ሁሉ ድምፅ ውስጥ ነው ያለው። ደንበኛው ቻቱን ሲያጠፋው አብሮ ይጠፋል። ሌላው የማልወደው ነገር ሳይከፈላችሁ ሲቀር የሰውየውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፋችሁ ነው። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ባለዕዳው ስም አጠፋችሁኝ ብሎ ከሳሽ ይሆናል፣ እናንተ ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

ከመለጠፍ ይልቅ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መጀመሪያ ማስጠንቀቅን ይጠይቃል። በውላችሁ ስለ ወለድ ያላችሁት ነገር ባይኖር እንኳ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ይህን ደብዳቤው ላይ ስታሰፍሩት አንባቢው ይለወጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ትቶት የነበረው ሰው ለአለቃው ያሳየዋል። ደግሞም አትዘግዩ። በመደበኛው የውል ክስ ይርጋው፣ ማለትም መክሰስ የሚቻልበት ጊዜ 10 ዓመት ነው፤ አንዳንድ ዕዳዎችን ግን የዚያው ሕግ ቁጥር 2024 ሁለት ዓመት ካለፋቸው እንደተከፈሉ ይገምታል።

ከዘመድ ጋር አትሥሩ ልላችሁ ነበር። ግን ዛሬም ድረስ በሰዓቱ የሚከፍለኝን ጥሩ ደንበኛዬን ያመጣልኝ ያው ዘመዴ ነው። ስለዚህ ሥሩ፤ ኢንቮይሱን ግን ለዘመዳችሁ ሳይሆን ለድርጅቱ ጻፉ፣ ቀኑንም ከላይ ጻፉበት።

ለደወለችልኝ ልጅ፦ ሰኞ ጠዋት በአካል ሂጂ። ያስረከብሽበትን ወረቀትና ማስጠንቀቂያውን ይዘሽ ሂጂ። ደብዳቤው ከከበደሽ ረቂቁን ላኪልኝና እሁድ አብረን እናየዋለን።