ሲስተርን ጠይቁ፦ ስትሮክ ከመታ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ወር

ሲስተር፦ ጤና ይስጥልኝ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ዛሬ ስትሮክ የመታው ሰው በመጀመሪያው ወር ለምን እንደሚሞት እንነጋገራለን። የመድኃኒት መጠን አልጽፍም፣ የሲቲ (የአንጎል ራጅ) ፎቶም አትላኩልኝ። ከሁሉ በፊት ግን፦ መዋጥ መቻሉ ሳይታይ በአፉ ምንም አይግባ!

ከደሴ፦ አባቴን ስትሮክ ከመታው 2 ቀኑ ነው። ይተርፋል?

ሲስተር፦ በዚህ ብቻ ማን ይነግርሻል? ዕድሜው ስንት ነው? ሲጠሩት ይነቃል? አንጎሉ ውስጥ ደም መፍሰስ ነው ወይስ የደም ሥር መዘጋት? ስኳሩስ?

ከአዳማ፦ ከሁሉ የሚያሰጋው የቱ ነው?

ሲስተር፦ ንቃቱ። ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጠዋል፤ 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ ያስፈራል። ደም መፍሰስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመዘጋት ይልቅ ይገድላል። እኛ ጋ ደግሞ ሳይታከም በኖረ ግፊት የተነሳ ከምዕራቡ ዓለም ይበዛል። ዕድሜ፣ ትኩሳት፣ ከፍ ያለ ስኳር፣ የልብ ምት መዛባትም አሉ። የአንጎል እብጠት ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ስለሚብስ «ትናንት ደህና ነበር» አያስተማምንም።

ከሪያድ፦ ሲስተር፣ እናቴ አገር ቤት ናት። ነቅታለች፣ ድምጿ ግን ተቀይሯል። እህቴ እንድትጠነክር ብላ አጥሚት በማንኪያ እየሰጠቻት ነው።

ሲስተር፦ እህቴ፣ አሁኑኑ ደውለሽ አስቁሚያት። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ ላይ በደንብ አይውጡም። አጥሚቱ በተሳሳተው መንገድ ሳንባ ይገባል። ሳል እንኳ ላይኖር ይችላል። ከቀናት በኋላ ትኩሳት ይመጣል፣ ትንፋሿ ይፈጥናል፣ ከዚያ ሁሉም «ስትሮኩ ገደላት» ይላል። የገደላት ግን የሳንባ ምች ነው።

እኛ እንዲህ ነው የምናየው። ነቅታ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ እሰጣታለሁ፣ ጣቴ ማንቁርቷ ላይ ነው፣ ከፍ ሲል ይሰማኛል። ከዚያ «አ» በይ እላታለሁ። ካሳላት፣ ድምጿ ውሃ ውሃ ካለ ወይም ከከንፈሯ ጥግ ከፈሰሰ በአፍ መስጠት የለም፤ በአፍንጫ ቱቦ ይገባል። ዘመድ ቱቦ ሲያይ «አለቀላት» ብሎ ያለቅሳል። የሚያስለቅሰውስ አጥሚቱ ነበር። ቱቦ ቢኖርም ራስጌዋ ከፍ ይበል፣ አፏም ይጽዳ።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። አውስትራሊያ ውስጥ በኒው ሳውዝ ዌልስ 19 የስትሮክ ክፍሎች ተፈትነው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። ነርሶቹ 3 ነገር ብቻ ነው የተከታተሉት፦ ትኩሳት፣ ስኳር፣ መዋጥ። በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ወይም ጉዳት የቀረባቸው 42 በመቶ ሆኑ፤ እንደ ድሮው በታከሙት ክፍሎች 58 በመቶ ነበሩ። አዲስ መድኃኒት የለበትም!

ከጎንደር፦ ታዲያ ጸበልም አይጠጣ ነው የሚሉት?

ከሐዋሳ፦ ወገን፣ መጀመሪያ ሐኪም! የአጎቴ አፍ ሲጣመም ምች ነው ብለን ዳማከሴ ስናሸት ሁለት ቀን አለፈ።

ከጎንደር፦ ስለ ምች ማን ጠየቀህ? ጎረቤቴ በዳማከሴ ነው የዳነችው።

ከሐዋሳ፦ እሷ ስትሮክ ስላልነበረባት ነዋ!

ሲስተር፦ ኧረ ወደ ርዕሱ! ጸበሉ ይረጭ፣ ይቀባ፣ አይጠጣ። ፊት ብቻ የሚያጣምም የነርቭ ሕመም አለ፤ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ግን ምች እያላችሁ አትቀመጡ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ጊዜው ምልክቱ ከጀመረ በኋላ 4 ሰዓት ተኩል እስኪሞላ ነው፤ የሚገኝበት ቦታም ጥቂት ነው።

ከአዲስ አበባ፦ የወንድሜ ግፊት 190 ነው። የራሴን ኪኒን ልስጠው?

ሲስተር፦ በአፍ ምንም አላልኩም? መዘጋት ከሆነ ግፊቱን ባንዴ ማውረድ የተረፈውን አንጎል ደም ያሳጣዋል። ደም መፍሰስ ከሆነ ሐኪሙ ያወርደዋል። ሲቲ ሳይነሳ አስፕሪንም የለም።

ከዋሽንግተን፦ ነጭ ሽንኩርትስ?

ሲስተር፦ ለወጥ ይሆናል። ቀጣይ።

ከደሴ፦ አባቴ 71 ዓመቱ ነው፣ እንቅልፍ ያበዛል። ሾርባ ብቻ ልስጠው?

ሲስተር፦ በሥላሴ! ሾርባ በአፍ አይደለም የሚገባው? እንቅልፍ የሚያበዛ ሰው ደግሞ ይባስ። ሂጂና ነርሷን «መዋጡ ታይቷል ወይ?» በያት። እንቅልፉ ከትናንት ከባሰ ለሐኪሙ አሁኑኑ ንገሪ።

ከድሬዳዋ፦ አባታችን ከተኛ 10 ቀን ሆነው። የዛለው እግሩ አብጧል፣ በቅባት እያሸነው ነው።

ሲስተር፦ ማሸቱን አቁሙ። ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ባንዴ ይገድላል። ነገ አትበሉ፣ ተረኛውን ሐኪም አሁን ጥሩና እግሩን አሳዩት። እኔም ተረኛ ነኝ፣ ልግባ።