የተሰዋው ወንድሜ ጡረታ በአባታችን ስም ይወጣልን?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በ2004 ዓ.ም. ተቀጥሮ ብር ሸለቆ ሠለጠነ። በእግረኛ ክፍለ ጦር አሥር አለቃ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቶ በሰሜኑ ጦርነት መስከረም 2015 ዓ.ም. ተሰዋ። መርዶውን ያደረሱን የጦር ጓዶቹ ናቸው። በሕጋዊ መንገድ ያገባት ሚስት የለችውም። ሻንጣውና የባንክ ደብተሩ ግን ካምፑ አጠገብ ባለች ከተማ በምትኖር ሴት እጅ ነው፤ አልሰጥም ብላለች። በ70 ዓመቱ አባታችን ስም የወራሽነት ማስረጃ አውጥተን ጡረታውንና የባንኩን ገንዘብ መውሰድ እንችላለን? ሴትዮዋንስ በወንጀል መክሰስ ይቻላል?

መልስ፦ ነፍስ ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

«ሚስት አልነበረውም» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። እርስዎ «በሕጋዊ መንገድ ያገባት» አሉ። ወታደር የባንክ ደብተሩን አደራ የሚሰጠው ለመንገደኛ አይደለም፤ ልጅ ይኑር አይኑር ደግሞ ጭራሽ አላነሱም። አይቆጡኝና፣ ጉዳዩ ያለው እርስዎ በዘለሉት ቦታ ነው።

ብዙ ቤተሰብ «ሕጋዊ» የሚለው ማዘጋጃ ቤት የተፈረመበትን ጋብቻ ብቻ ነው። ስህተት ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻም እኩል ጋብቻ ነው። ወረቀት ባይኖር እንኳ፣ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ ቤተሰብና ጎረቤት በዚያው ያውቃቸው እንደነበር ሴትዮዋ በምስክር ካስረዳች ፍርድ ቤት ሊያጸናላት ይችላል። ክልላችሁ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ካለው እሱን ጠበቃ ያሳዩ።

አሁን ደንበኞች ደጋግመው ወደሚወድቁበት ጉድጓድ ልምጣ። የወራሽነት ማስረጃ የሁሉም በር ቁልፍ ይመስላቸዋል። ጡረታ ግን ውርስ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 828፣ በሞቱ ምክንያት ለሟች ዘመዶች ወይም ለትዳር ጓደኛው የሚሰጥ የጡረታ ገንዘብ ወይም ካሣ ከውርሱ ሀብት ውስጥ እንደማይገባ ይናገራል። አበሉን የሚወስነው የማኅበራዊ ዋስትና ሕጉ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው «ወራሽ» ሳይሆን «ተተኪ» ነው። ተተኪዎች ደግሞ ሚስት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች፣ እንዲሁም ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በሟቹ ድጋፍ ይተዳደሩ የነበሩ ወላጆች ናቸው። ሲሠራበት የቆየው ስሌት ለሚስት 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ወላጅ 15 በመቶ ነው።

ልብ ይበሉ፤ ወንድምዎ ልጅ ካለው፣ የአባትዎ ድርሻ ከልጁ ድርሻ ጎን ለጎን ይቆማል። ልጁን መደበቅ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው ወንድምዎ ይረዳቸው እንደነበር ማስረዳት ነው፦ በየወሩ የላከበት የሐዋላ ደረሰኝ፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ ካልሆነም የሚያውቁ ምስክሮች። ደረሰኝ ካለ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ ያድርጉት፤ የሐዋላ ወረቀት ቶሎ ይደበዝዛል።

በውርስ በኩል ነገሩ ይገለበጣል። የባንኩ ገንዘብና ያልተከፈለ ደመወዝ ውርስ ነው፤ ሚስት ካለች የጋራ ሀብቱ ግማሽ አስቀድሞ የእሷ ነው፣ የቀረውን ልጅ ሙሉ በሙሉ ይወስዳል። አንድ ልጅ ካለ አባትዎ በሕግ ወራሽ አይሆኑም። ታዲያ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ልጅ የለውም» የሚሉ ምስክሮች ይቀርባሉ፣ ተቃዋሚ በሌለበት ማስረጃው በቀላሉ ይወጣል፣ ገንዘቡም ይወጣል። ከዚያ የልጁ እናት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መቃወሚያ ታቀርባለች። ማስረጃው ይሰረዛል፣ ገንዘቡ ይመለስ ይባላል፣ የመሰከሩት ጎረቤቶችም በሐሰት ምስክርነት ይጠየቃሉ። ወንድምዎ ሠራዊቱ ዘንድ በሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ሚስትና ልጅ አስመዝግቦ ከሆነማ ውሸቱን የሚያጋልጠው የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ልጅ ካለ፣ ወንድምዎም ልጄ ነው ብሎ ሳይቀበለው ከሞተ፣ አያት በሟቹ ስም ልጅነቱን መቀበል ይችላሉ፤ የእናትየዋ ማረጋገጫ ግን ያስፈልጋል። አባትዎ በልጁ ማንነት እርግጠኛ ከሆኑ ይህን ከጠበቃ ጋር ይመክሩበት፤ ካልሆኑ እንዳይፈርሙ።

የጓዶች መርዶ ለለቅሶ ይበቃል፣ ለመዝገብ አይበቃም። ከክፍሉ የሰው ኃይል የጽሑፍ ማረጋገጫ ይጠይቁ፤ ሲቀበሉም በቆሙበት ያንብቡት። «ሞተ» ብቻ ከሚል «በግዳጅ ላይ ተሰዋ» የሚል፣ ቀኑንና መለያ ቁጥሩን የያዘ ይሁን፤ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ሆኖ ሲያዝ አበል ለማግኘት የአገልግሎት ዘመን መሙላት አይጠየቅም። ስሙንም ያስተያዩ። ቀበሌ በአንድ ስም፣ ሠራዊቱ በሌላ የሚያውቁት ወታደር ብዙ ነው፤ ያኔ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ይኖርባችኋል። ክፍሉ መሞቱን አላረጋግጥም፣ ጠፍቷል ካለ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፦ ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሲሞላ የመጥፋት ውሳኔ ይጠየቃል። ይህን ያለ ጠበቃ አይጀምሩት። ውዝፍ አበል በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) ሊታገድ ስለሚችል የጡረታ አቤቱታውንም አያቆዩት።

የወንጀል ክሱን ይተዉት። አደራ የያዘች ሚስትን ሌባ ብሎ መክሰስ የራስን ጉዳይ ከወዲሁ ማበላሸት ነው። ይልቅ አንድ የምታከብሩትን ሽማግሌ ልካችሁ ልጅ መኖሩን፣ ካለም ዕድሜውንና የልደት ማስረጃው በማን ስም እንደወጣ ጠይቁ። መልሱን ይዘው ይጻፉልኝ፤ እስከዚያው የወራሽነት ጥያቄ ፍርድ ቤት አያስገቡ።